የማይደርስ ደብዳቤ እና ጭቃ ያልነካው ጫማ



ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ቦታው ሞስኮ ነው፤ ጊዜው የገና ዋዜማ ሌሊት። ቫንካ የሚባል የ9 ዓመት ልጅ አለ። እናት አባት የለውም። ከገጠር መጥቶ ለአንድ ጫማ ሰፊ በተለማማጅነት ከተሰጠ 3 ወሩ ነው። ጌታውና ሠራተኞቹ ለሌሊቱ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠበቀና ከጌታው ቁም ሣጥን የቀለም ጠርሙስና ጫፉ የዛገ ብዕር አወጣ። የተጨማደደች ወረቀቱን አግዳሚ ወንበር ላይ ዘረጋ፤ እሱ መሬት ላይ ተንበረከከ። የመጀመሪያዋን ፊደል ከመጻፉ በፊት በሩንና መስኮቱን ደጋግሞ በፍርሃት አየ።

የሚጽፈው ለአያቱ ነው። አያቱ በአንድ ባለርስት ቤት የሌሊት ዘበኛ ናቸው። ልጁ መከራውን ይዘረዝርላቸዋል። ሕፃን ሲያስተኛ እሱን ራሱን እንቅልፍ ስለጣለው በጠፍር ተገርፏል። ዓሣ አጽዳ ተብሎ ከጅራቱ በኩል ስለጀመረ እመቤቲቱ በዚያው በዓሣው አፍ ፊቱን ወጋግታዋለች። ምግቡ ጠዋት ዳቦ፣ ምሳ ገንፎ፣ ማታ ደግሞ ዳቦ ነው። መጥተው እንዲወስዱት ይለምናቸዋል። በእግሩ እንዳይጠፋ ጫማ የለውም፤ ውርጩን ይፈራል። እየጻፈ መሀል ላይ ሐሳቡ ይሰረቅና አያቱ ለጌቶቹ የገና ዛፍ ሊቆርጡ ጫካ ሲወርዱ እሱንም ያስከትሉት የነበረበት ጊዜ ትዝ ይለዋል።

ደብዳቤውን ጨረሰ፤ አጠፈው፤ ባለፈው ቀን በአንድ ኮፔክ በገዛት ፖስታ ከተተው። አድራሻ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ገጠር ላሉት አያቱ እንዲደርስ ጻፈበት። ራሱን አከክ አከክ አደረገና አሰበ። ከዚያ የአያቱን ስም ጨመረ። የመንደር ስም የለም፤ የአውራጃ ስም የለም። ኮቱን ሳይደርብ በሸሚዙ ብቻ ሮጦ ወጣና ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጨመረው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወስዶታል። በሕልሙ አያቱ ትልቁ ምድጃ ላይ ወጥተው፣ ባዶ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ደብዳቤውን ለወጥ ቤት ሴቶች ያነቡላቸዋል። ውሻቸው ጅራቱን እየቆላ ምድጃው አጠገብ ይመላለሳል።

ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ። ደራሲው አንቶን ቼኾቭ ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ ሕክምና ተምሮ፣ ይህን ሲጽፍ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ታሪኩ የታተመው በ1886 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት፣ ፒተርስበርግ ከተማ በሚወጣ ጋዜጣ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የገና ጋዜጣ የገና ታሪክ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነበር፤ የገና ታሪክ ሲባል ደግሞ ድሃ ወላጅ አልባ ልጅ በብርድ ሲንከራተት አንድ ደግ ሰው አግኝቶ የሚያነሣው ዓይነት ነው። ያን የለመደ አንባቢ በበዓሉ ቀን ጋዜጣውን ሲገልጥ ቫንካን አገኘ። የሚያነሣው ሰው ግን አልመጣም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ደብዳቤው እንደማይደርስ የነገራችሁ ማን ነው? እኔ አልነገርኳችሁም። ቼኾቭም ለአንባቢዎቹ አልነገረም። ታሪኩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ብትፈልጉ ይህን የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። ግን ሁላችሁም አውቃችኋል፤ ስናገር አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስትከሰክሱ አይቻለሁ። ያወቃችሁት አድራሻውን አይታችሁ ነው። ልጁ ደስ ብሎት በተኛባት ቅጽበት ደብዳቤውን ተሸክማችሁ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ስለ አጭር ልብወለድ መሠረታውያን ተናገር ስባል ልል የፈለግሁት ነገር በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ በቀረው ሰዓት የምንሠራው ይህን መፍታት ነው።

ትምህርት ቤት ያለፍን ሁሉ ዝርዝሩን በቃላችን እናውቀዋለን፦ ታሪክ፣ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ መቼት፣ አንጻር፣ ጭብጥ። ፈተና ላይ ይመጣል፤ እንሞላለን፤ እናልፋለን። ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። እኔም አስተምሬበታለሁ፤ ቃላቱንም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ከተማሪዎች ጋር በቆየሁ ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። በሬን አርደን በቅርጫ ስንከፋፈለው ሽንጡ ይታወቃል፣ ታላቁና ታናሹ ይታወቃል፣ መደቡም እኩል ይደርሳል፤ በሬው እንዴት ይራመድ እንደነበር ግን ከመደቡ ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ልብወለድ ሊጽፉ የሚነሡ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። መደቦቹን ገጣጥመው በሬ ሊያስነሡ ይሞክራሉ።

ስለዚህ ከሌላ በኩል እንግባ። ከዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አንድ ቃል አለ፤ ፍላጎት። ይህ ሰው አሁን፣ ዛሬ ሌሊት፣ ምን ፈለገ? ቫንካ አያቱ መጥተው እንዲወስዱት ፈለገ። ይህን ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ግጭት የምንለው ፍላጎቱን የሚከለክለው ነው፤ ውርጩ፣ ርቀቱ፣ ጌታው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ አለማወቅ። ከጨካኙ ጫማ ሰፊ ይልቅ ልጁን የጣለው አድራሻ አለማወቁ ነው። ይህ ትልቅ የደራሲ ብልሃት ነው፤ ጠላት የሚመስለው ሌላ፣ የሚጥለው ሌላ።

መቼትም እንዲሁ። መቼት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ መቼ እና የት ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። ይህን የመሰሉ የሙያ ቃላት በአማርኛ ሲነሡ የገጣሚውና የመምህሩ የደበበ ሰይፉ ስም አብሮ ይነሣል። ምስጋና ይገባዋል፤ ጊዜንና ቦታን በአንድ ቃል ያሰረ ሰው ሁለቱ የማይለያዩ መሆናቸውንም አብሮ አስተምሮናል። ቼኾቭ የገና ሌሊትን የመረጠው ለጌጥ አይደለም። ሌላ ሌሊት ቢሆን ቤቱ ሰው ስለሚኖርበት ልጁ መጻፍ አይችልም ነበር። ቤቱን ባዶ ያደረገው በዓሉ ነው። በዚያ ላይ በዓል ሰው ቤተሰቡን የሚፈልግበት ቀን ነው፤ እንቁጣጣሽን ወይም ፋሲካን ከአገሩ ርቆ ያሳለፈ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቦታውስ? ቦታው የጫማ ሰፊ ቤት ነው፤ ልጁ ግን ለመጥፋት የሚሆን ጫማ የለውም። ቼኾቭ ይህን ነገር አንዴ ጠቅሶ ያልፋል። «እንዴት ያሳዝናል፣ በጫማ ቤት ጫማ አጣ» አይልም። እኔ ራሴ ለስንተኛ ጊዜ ሳነበው እንዳስተዋልኩት አላስታውስም፤ ካስተዋልኩት በኋላ ግን ከሐሳቤ ሊወጣ አልቻለም።

ገጸ ባሕርይ የሚለውም ጥሩ ቃል ነው፤ ገጽም ባሕርይም አለበት። ጀማሪ ደራሲ ገጹ ላይ ይደክማል። ቁመቷ መለስተኛ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጥርሷ እንደ በረዶ የነጣ ይለናል፤ ገጹን ብንዘለው ግን ምንም አይጎድልብንም። ቫንካ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ያወቅነው ከመልኩ አይደለም። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል አያቱን አደራ የሚላቸው ነገር አለ፤ በጌቶቹ የገና ዛፍ ላይ ከሚንጠለጠለው በወርቅ ቀለም ከተቀባው ለውዝ አንዱን ወስደው አረንጓዴዋ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጡለት፣ ሙዚቃ መሣሪያውን አኮርዲዮኑንም ለማንም እንዳይሰጡበት። ተርቦ፣ ተገርፎ፣ ስለ አንዲት ለውዝ ያስባል። ልጅ ነዋ! እዚህ ላይ ደራሲው ልጅነቱን አልነገረንም፤ ልጁ ራሱ ሳያውቀው አሳየን። አኮርዲዮኑ ደግሞ ሌላም ይናገራል፤ ልጁ እንደሚመለስ እርግጠኛ ነው። ለማይመለስበት ቤት ማን ዕቃ ያስጠብቃል?

ሴራ ላይ ጥቂት ልቆይ። በተራ አማርኛችን ሴራ ክፉ ቃል ነው፤ ሰዎች በሌላው ሰው ላይ በስውር የሚዶልቱት ነገር ነው። ለታሪክ አወቃቀር መጠሪያ መሆኑ ብዙ ተማሪ ግር ይለዋል። እኔ ግን ቃሉ ልክ ቦታው ገብቷል እላለሁ። እስኪ በቫንካ ታሪክ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደዶለተ ተመልከቱ። ቼኾቭና እኛ ከልጁ ጀርባ ተስማምተናል። እሱ የማያውቀውን እኛ አውቀን፣ ዝም ብለን፣ ሲሮጥ እናየዋለን። ያማል የሚያሰኘው ይህ ዝምታችን ነው። ሌላ ታሪክ ላይ ደግሞ ደራሲውና ገጸ ባሕርዩ በአንባቢው ላይ ይዶልታሉ፤ የመርማሪ ፖሊስ ታሪክ እንዲህ ነው። የፈረንሳዩ ጊ ደ ሞፓሳን በ1884 እ.ኤ.አ. በጻፈው የአንገት ሐብል ታሪክ ደግሞ ሁላችንም፣ አንባቢዎቹም ሴትየዋም፣ አብረን እንታለላለን። ሴትየዋ ለግብዣ የተዋሰችውን ሐብል ትጥላለች፤ ከባሏ ጋር 36,000 ፍራንክ ተበድረውና አሟጥጠው ተመሳሳዩን ገዝተው ይመልሳሉ፤ ዕዳውን ለመክፈል 10 ዓመት ይማስናሉ፤ በመጨረሻ ሐብሉ ቢበዛ 500 ፍራንክ የሚያወጣ አርቲፊሻል እንደነበር ይሰማል። ድንቅ ታሪክ ነው። ግን ወጣት ጸሐፊዎችን ያበላሸ ታሪክም ነው ብዬ አምናለሁ። እሱን ያነበበ ሁሉ መጨረሻው ላይ ድንጋጤ ካልጨመረ የጻፈ አይመስለውም። ድንጋጤ አንዴ ይሠራል፤ አድራሻው የጎደለው ደብዳቤ ግን ባነበባችሁት ቁጥር እንደገና ይጎድላል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ልብወለድ የሚለውን ስም ያወረሰን አንድ የመጽሐፍ ርእስ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ኋላ ጦቢያ እየተባለ የታወቀው መጽሐፍ፣ ሲወጣ ርእሱ ልብ ወለድ ታሪክ ነበር። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። ልብ በአማርኛ የስሜት ብቻ ሳይሆን የማሰቢያም ቦታ ነውና፣ ስሙ ማሰብንም ማዘንንም ይዟል። አጫጭሮቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው መውጣት ሲጀምሩ ከፊት ከምናገኛቸው አንዱ ታደሰ ሊበን ናቸው፤ መስከረም በ1949 ዓ.ም.፣ ሌላው መንገድ በ1952 ዓ.ም. ወጡ። ከዚያ በፊት ተረት ነበረን፤ ዛሬም አለን። ተረት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በተረት ቀበሮ ሁልጊዜ ብልጥ ናት፤ ንጉሡ ስም የለውም፤ ዘመኑ ድሮ ነው። አጭር ልብወለድ ይህ ልጅ፣ ይህች ሌሊት፣ ይህ የዛገ ብዕር ይላል። ስለ ርዝመቱ ብዙ ክርክር አለ፤ እኔን የሚጥመኝ አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. ያለው ነው፤ አንባቢ አንዴ ተቀምጦ ሳይነሣ የሚጨርሰው፣ እያንዳንዱ ቃል ለአንድ ስሜት የሚሠራበት መሆን አለበት አለ። ዋናው ቁም ነገር የገጽ ብዛቱ ሳይሆን አለመነሣቱ ነው።

እንግዲህ እጃችንን አስገብተን አንድ ታሪክ እንሞክር። የሰው ሥራ ሲመረመር ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስላል፤ ከባዶ ሲጀመር ነው ነገሩ የሚገባው።

አንዲት ሴት ባሏ ሞቶባታል። ይህ ታሪክ ነው? አይደለም፤ መርዶ ነው። ምን ፈለገች ብለን እንጠይቅ። ባሏ እንዲነሣላት ፈለገች ብንል እውነት ነው፤ ግን ለጽሑፍ አይሆንም፤ ምክንያቱም ለዚህ ፍላጎት የምታደርገው ነገር የለም። በአጭር ልብወለድ ፍላጎት በእጅ የሚያዝ፣ በእግር የሚኬድለት መሆን አለበት። እንግዲያው እንዲህ እንበል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ባል ያላት ሴት መሆን ፈለገች። አሁን የምትሠራው ነገር አገኘን። ከአልጋው ሥር የባሏን ቡናማ ጫማ አወጣች፤ በፌስታል ያዘች፤ ሊስትሮ ዘንድ ልትወስደው ወጣች።

የት ነው የምትሄደው? በራቸው ላይ ሊስትሮ አለ። ግን እዚያ ድንኳኑ የተተከለበት ሰፈር ነው፤ ሊስትሮው ራሱ አግዳሚ ሲያመላልስ ነበር፤ ጫማውን ሲያይ ነፍስ ይማር ይላታል። እሷ የምትፈልገው ባሏ ገና ያልሞተበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ታክሲ ይዛ አራት ኪሎ ትወርዳለች፤ ባሏ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ሰኞ ሰኞ ጫማውን ወደሚያስጠርግበት ጥግ። እዩልኝ፤ መቼቱን እኛ አልመረጥነውም፤ ፍላጎቷ መረጠው። አራት ኪሎን ቦሌ ብናደርገው ታሪኩ ምንም ካልሆነ ገና መቼት የለንም ማለት ነው። እዚህ ግን ቦታው ቢነካ ታሪኩ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም በከተማው ውስጥ ያ ሰው በሕይወት ያለበት አንድ ጥግ ያ ብቻ ነው።

ጥጉ ላይ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ሴትየዋን አያውቃትም። ጫማውን ግን ከፌስታሉ ሲወጣ ያውቀዋል፤ የግራው ተረከዝ ሲላቀቅ በማስቲሽ ያጣበቀው እሱ ነው። ሊስትሮ ሰውን ከእግሩ ጀምሮ ነውና የሚያውቀው፣ ይህ የባሕርዩ አንዱ ክፍል ነው፤ ዓይኖቹ ትልልቅ መሆናቸውን መናገር አያስፈልገንም። «የጋሼ ጫማ! ጠፉ እኮ፣ እትዬ። ደኅና ናቸው?» ይላታል።

አሁን ምን ትበል? በመጀመሪያው ረቂቅ ብዙዎቻችን እንዲህ እንጽፋለን፦ «ሴትየዋ ልቧ ተሰበረ፤ እውነቱን ልትነግረው ብትፈልግም ሐዘኗ አንደበቷን ያዘው፤ በመጨረሻም ዋሸችው።» ሦስት ጊዜ ነገርናችሁ፤ አንድም ነገር አላሳየናችሁም። እኔ አንድ ቃል ብቻ ትመልስለት እላለሁ፦ «አሉ።»

ሁለት ፊደል ናት። አማርኛ ለዚህ የተሠራ ቋንቋ ነው። ደኅና ናቸው ብትለው ውሸት ይሆናል፤ ሞተዋል ብትለው የመጣችበት ምክንያት ያበቃል። አሉ ግን በየቀኑ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የምንመልሰው ተራ መልስ ነው፤ ልጁ ምንም አይጠረጥርም። ለእሷ ግን ከነበሩ ጋር የምትታገልበት ቃል ነው። ምልልስ በአጭር ልብወለድ ወሬ ማስተላለፊያ አይደለም። ሰው የሚናገረው የሚፈልገውን ለማግኘት ወይም የሚፈራውን ለመሸሽ ነው፤ እዚህ ሁለቱንም በአንድ ቃል አደረገች።

እስካሁን ጥሩ ነው፤ ግን ገና አልተጠመደም። ዋሽታ፣ ጫማውን አስጠርጋ፣ ከፍላ ትሄዳለች። ምን ሊከለክላት ይችላል? እዚህ ላይ ጊዜውን እናምጣው። ነሐሴ ይሁን። በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ጭቃ ያልነካው ጫማ የለም፤ ሊስትሮ ከብሩሹ በፊት የሚያነሣው ጭቃ የሚፈቀፍቅባትን ትንሽ ቢላዋ ነው። ልጁ እንደ ልማዱ ቢላዋውን ያነሣል፤ ጫማውን ገልብጦ ሶሉን ያያል። ሶሉ ደረቅ ነው። ጭቃ የለበትም፤ ባለፈው ሳምንት የነበረ ጭቃ እድፍም የለበትም። በስፌቱ ክር መሀል የገባው ለስላሳ የአልጋ ሥር አቧራ ነው። ይህ ጫማ ክረምቱ ከገባ ወዲህ መሬት አልረገጠም።

ይህችን ዝርዝር ካገኘሁ በኋላ ነው ታሪኩ ታሪክ የሆነልኝ። አቧራው ከአድራሻው ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፤ ማንም ሳይናገር አንባቢው ያውቃል። እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ዝምድናው እውነት ነው። ልዩነቱን ግን ማየት ያስፈልጋል። በቅኔ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ይቀልጣል፤ ሥራውን ጨርሷልና አናዝንለትም። በአጭር ልብወለድ ሰሙ አይቀልጥም። አቧራው የሞት ምልክት ከሆነ በኋላም አቧራ ሆኖ ይቀራል፤ ጫማው ጫማ ነው፤ ሊጠረግ ይገባዋል፤ ልጁም ሒሳቡን ይፈልጋል። ምልክት ፍለጋ የሚወጣ ደራሲ ነጭ እርግብና የተሰበረ መስታወት ይዞ ይመለሳል። ሊስትሮ እንዴት እንደሚሠራ ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ምልክቱን ሳይፈልገው ያገኘዋል።

ቀጥሎ ማን ይንገረን የሚለው ይመጣል፤ አንጻር የምንለው ነው። በሴትየዋ በኩል ብንተርከው ሐዘኗ ውስጥ ከመጀመሪያው ገብተን እንቀመጣለን፤ ሁሉን ስለምናውቅ ሶሉ ምንም አይነግረንም። በልጁ በኩል ብንተርከው ግን የምናውቀው እጁ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። ጫማውን ሲገለብጥ አብረን እንገለብጣለን። ስለዚህ ልጁን እመርጣለሁ። «እኔ» እያለ ይተርክ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልፈቅድለትም፤ አድጎ ወደ ኋላ የሚያስታውስ ሰው የገባውን ለማስረዳት ይቸኩላል። ከትከሻው ሥር ሆነን እንየው። ቼኾቭም ለቫንካ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አጠገቡ ተንበረከከ፤ ምስኪን የሚለውን ቃል ግን ከአፉ አላወጣም።

አንጻሩን ስንለውጥ ግጭቱም እንደተለወጠ አስተውላችኋል? አሁን ጥያቄው እሷ ትናገራለች ወይ የሚለው ብቻ አይደለም። ልጁ ያየውን አይቷል። ይጠይቃታል ወይስ ዝም ይላል? ብዙ ሰው ግጭት ሲባል ጩኸትና ዱላ ይመስለዋል። እዚህ የሁለት ሰው ድምፅ አልከረረም፤ መኪና ያልፋል፣ ዝናቡ ያጉረመርማል፤ ልጁ ቢላዋ ይዞ ደረቅ ሶል ያያል፤ ሴትየዋ ልጁን ታያለች። ጡዘቱ ይህ ነው።

ስለ ጭብጥ የሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ጥያቄውም ብዙ ጊዜ «ምን መልእክት ላስተላልፍ?» በሚል ይመጣል። ጥያቄውን አልንቀውም። ጽሑፍ ከሰባኪውና ከመምህሩ እጅ የመጣልን ሕዝብ ነን፤ የጥንቶቹ ደራሲዎቻችን ሲጽፉ አንባቢውን ሊመክሩ ነበር፤ ምክራቸውም ጠቅሞናል። ግን መልእክቱን አስቀድሞ ይዞ የሚነሣ ጸሐፊ ገጸ ባሕርያቱን ተላላኪ ያደርጋቸዋል። ቼኾቭ በዚያው በ1886 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ባለ ጋሪ ጽፏል፤ ልጁ የሞተበት ሽማግሌ ነው። በዚያች ሌሊት ለተሳፋሪው ሁሉ ሐዘኑን ሊነግር ይሞክራል፤ የሚሰማው ያጣል፤ በመጨረሻ ጋጣ ገብቶ ለፈረሱ ይነግረዋል። የዚህ ታሪክ ጭብጥ ምንድን ነው ብትሉኝ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ግን የምነግራችሁ ከፈረሱ ትንፋሽ ያንሳል። ስለዚህ ለጀማሪ የምለው ይህን ነው፤ ሰውየው የሚፈልገውን አግኝለት፣ የሚከለክለውን አቁምበት፣ ከዚያ አትዋሽበት። ጭብጡ ተከትሎህ ይመጣል።

የቀረን መጨረሻው ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። በመጀመሪያው ሴትየዋ አለቀሰችና እውነቱን ነገረችው። አንባቢው ተሸክሞ የቆየውን ነገር ከእጁ ቀማሁት። በሁለተኛው ልጁ ገንዘብ አልቀበልም አላት። ደግነቱን አሳየሁ ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ሳነበው ግን ልጁ የተናገረው የእኔን ቃል ነበር፤ የእሱን አልነበረም። በነሐሴ ሥራ የሚጠብቅ ሊስትሮ ሒሳቡን ይቀበላል። በሦስተኛው ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ ስለ ሞት ሲያስብ አደረ፤ እሱን እንኳ ባትሰሙት ይሻላል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ጨመርኩ። ሰኞ ጠዋት ነው። ከሌሊት ጀምሮ ዘንቧል። ሴትየዋ ያንኑ ጫማ በዚያው ፌስታል ይዛ መጣችና ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ጫማውን ተቀበላት። ጋሼ ደኅና ናቸው ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ገለበጠው፤ ሶሉ እሱ ራሱ ባለፈው ሳምንት እንደተወው ንጹሕ ነው። ቢላዋዋን አነሣ። ጎንበስ አለና፣ ከተረከዙ ጀምሮ፣ ጭቃ እንዳለበት ጫማ ቀስ አድርጎ ይፈቀፍቀው ጀመር።